የድሮ ዘፈኑን ወደ ረፋድ አምጡልን



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮሌስትሮልም ስለ ጨጓራም አይደለም፤ ስለ ሬዲዮ ነው። «ሐኪምና ዘፈን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ጉዳዩ የጤና ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የማህበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን በሥራ ቀናት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለአረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ የድሮ ሙዚቃ ሰዓት ሊኖራቸው ይገባል። ቅዳሜ ማታ ሰው ሲዝናና የሚለቀቀውን የትዝታ ፕሮግራም ማለቴ አይደለም። እሱ የእኔና የእናንተ መዝናኛ ነው። እኔ የማወራው ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ስለሚውሉት ሰዎች ነው።

እስቲ የራሳችሁን ቤት አስቡት። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እናንተ ወደ ሥራ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ወጥቶ አልቋል። ሠራተኛ ካለችም እሷ በልብስና በወጥ ተወጥራለች። እማማ ወይም አባባ ሶፋው ጥግ ይቀራሉ። የድሮው ሠፈር ቢሆን በር ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ነበር፣ ቡና ጠሪ ነበር፣ የዕድር ጉዳይ ነበር። አሁን ስንቱ አረጋዊ ነው ዕድሜውን ከኖረበት ሠፈር ተነስቶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የገባው? ሊፍት የለም፣ ጉልበት ያማል፣ አንዴ ከወረዱ መልሶ መውጣቱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ አይወርዱም። እናንተ አመሻሽ ላይ እስክትመለሱ ድረስ ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም።

ይሄ ደግሞ «ትንሽ ከፍቷቸው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ ብቸኝነት በየዓመቱ ከ871,000 በላይ ከሚሆን ሞት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለስኳር፣ ለድባቴ ያጋልጣል፤ የማስታወስ ችሎታንም ያዳክማል።

እኛ ጋ ሲመጡ «ብቸኝነት አመመኝ» የሚል አረጋዊ የለም። «ደክሞኛል»፣ «ምግብ አስጠላኝ»፣ «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ነው የሚሉት። ደም ይመረመራል፣ እንቅርት ይታያል፣ ሁሉም ደህና ይሆናል። አንዲት እናት «ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?» ስላቸው «እኔ ምን አሳልፈዋለሁ ልጄ፣ ራሱ ያልፋል እንጂ» አሉኝ። ለዚህ መልስ ምን ዓይነት ኪኒን ነው የሚታዘዘው?

እሺ፣ ግን ለምን ሙዚቃ? ዜና ወይም ድራማ አይሆንም ወይ?

አንጎላችን ያለፈውን ሁሉ እኩል አያስቀምጥም። አረጋውያን ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ አብዝተው የሚያነሱት በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ሠርግ፣ የበኩር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ የዚያን ጊዜ ዘፈንም ከነሱ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። በአልዛይመር ደግሞ ቀድመው ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ አዲስ ነገር የምንመዘግብበት ክፍል ነው። ለረጅም ዘመን የምናውቀውን ዜማ የሚይዙት ክፍሎች ግን በንጽጽር ዘግይተው ነው የሚነኩት። ቁርስ መብላታቸውን የረሱ አባት የወጣትነታቸውን ዘፈን ከነግጥሙ ሲያንጎራጉሩ የምትሰሟቸው ለዚህ ነው። አንዳንድ ልጆች «ሲፈልጉ ያስታውሳሉ ማለት ነው!» ብለው ይቀየማሉ። እባካችሁ አትቀየሙ፣ እያስመሰሉ አይደለም።

እዚህ ጋ ሳላጋንን ልናገር። ሙዚቃ የመርሳት በሽታን አያድንም፣ አያቆምምም። የተለያዩ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑት የኮክሬን ግምገማዎች እንደሚሉት ሙዚቃን መሠረት ያደረገ ሕክምና የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የድባቴን ምልክት ሳይቀንስ አይቀርም፤ የባህሪ መረበሽንም ሊያሻሽል ይችላል። በማስታወስ ችሎታ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እነዚያ ጥናቶች ደግሞ የመረመሩት በተዘጋጀ ፕሮግራም የሚሰጥ ሕክምናን እንጂ የሬዲዮ ሥርጭትን አይደለም። ስለዚህ ማንም መጥቶ «የድሮ ዘፈን አልዛይመርን ይፈውሳል» ቢላችሁ አትመኑት። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን ቀላል አይደለም። ዝም ብሎ የሚያልፍ ረፋድ የሚጠበቅ ረፋድ ይሆናል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። «የድሮ ዘፈን» ሲባል የማን ድሮ ነው?

ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ልጅ 30 ምናምን ዓመቱ ነው። ለእሱ ድሮ ማለት በልጅነቱ ታክሲ ውስጥ ይሰማው የነበረ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ካሴት ነው። ጥሩ ሙዚቃ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ዛሬ 75 ዓመት የሆናቸው እናት የተወለዱት በ1943 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ 20 ዓመት የሞላቸው በ1963 ነው። ያኔ አምሃ እሸቴ በራሱ ስም ያቋቋመው ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ካወጣ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የእሳቸው ዘፈን የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የምኒልክ ወስናቸው፣ የሂሩት በቀለ፣ የዓለማየሁ እሸቴ፣ የማሕሙድ አሕመድ የወጣትነት ድምፅ ነው። የ85 ዓመት አዛውንት ደግሞ 20 የሞላቸው የታኅሣሥ ግርግር በሆነበት በ1953 ነው። የእሳቸው ትዝታ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የካሣ ተሰማ ክራር፣ የሜሪ አርምዴ ድምፅ ነው። ሬዲዮም ቢሆን በ1955 ሥራ የጀመረውን ብሥራተ ወንጌልን ያስታውሳሉ፤ ጣቢያው በ1969 በደርግ ተወርሶ ስሙ ሲቀየርም ያስታውሳሉ። ለእኚህ ሰው የ1985 ካሴት ስትከፍቱላቸው የልጆቻቸውን ዘፈን ነው የከፈታችሁላቸው።

ቋንቋም ሌላው ነው። ድሬዳዋ ላደጉ አዛውንት የወጣትነት ድምፅ ከአፍራን ቀሎ ጋር የተነሳው ዓሊ ቢራ ሊሆን ይችላል። ለዱራሜው፣ ለወልቂጤው፣ ለጅማው ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ትልቅ ጣቢያ ይሄን ሁሉ ልዳርስ ቢል አይችልም። የማህበረሰብ ሬዲዮ ግን የተፈጠረው ለዚሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማህበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝቡና ከንግዱ ለይቶ አስቀመጠው፤ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም ለትርፍ ያልቆመ ዘርፍ አድርጎ አስቀጠለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የራሳቸው የማህበረሰብ ሬዲዮ አላቸው። የንግድ ጣቢያ «አረጋዊ ምን ይገዛል? ማስታወቂያ አስነጋሪ አይመጣልኝም» ቢል ይገባኛል፣ ደመወዝ መክፈል አለበት። የማህበረሰብ ጣቢያ እንዲህ ሲል ግን አይገባኝም።

በነገራችን ላይ፣ ፈረንጆች «ኖስታልጂያ» የሚሉትን ቃል የፈጠረው ሐኪም ነው። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ላይ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ከአገራቸው የራቁ ሰዎች የሚያሳዩትን ናፍቆት እንደ በሽታ ቆጥሮ ነው ስም ያወጣለት። እኛ ጋ ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠር ቅኝት ነው። እሱ መድኃኒት ሲፈልግለት እኛ ክራር ላይ ቃኘነው ማለት ነው።

«ዶክተር፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ አይደል? ስልክ ገዝተንላቸዋል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አለ፣ እውነት ነው። ግን በሞራ የተሸፈነ ዓይን በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ምን ያያል? የሚንቀጠቀጥ ጣት የነካው ሌላ፣ የተከፈተው ሌላ ይሆናል። ከጥላሁን ቀጥሎ ራሱ መርጦ የሚያመጣው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጩኸት፣ ጦርነት፣ የሐሰት ሐኪም። ካርዱም በመሃል ያልቃል።

ትልቁ ልዩነት ግን ይሄ አይደለም። የዘፈን ምርጫ ፕሮግራምን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ካላስታወሳችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዘፈኑ ይጋበዝልኝ ብሎ የዘመድ አዝማዱን ስም ይደረድራል፣ ቤተሰቡ ሬዲዮኑን ከቦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ዘፈኑማ ሰበብ ነበር። አሁን አንድ የሠፈር ጣቢያ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስልክ ከፍቶ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? ለማን እንጋብዝልዎ?» ቢልስ? ሌላው ሠፈር ያሉት፣ ከ10 ዓመት በፊት አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤት «ውይ፣ እሷ ናት እኮ! በሕይወት አለች!» ይላሉ። ይሄን ስልክ ላይ የተጫነ መተግበሪያ አይሰጥም። ውጭ አገር ያላችሁም ብትሆኑ፣ የልጅ ልጅ ለማሳደግ ዋሽንግተን አካባቢ የሄዱትንና ቋንቋውም መኪናውም ሳይኖራቸው ቤት የሚውሉትን እናቶች አስቧቸው። በአማርኛ የሚተላለፍ አንድ ሰዓት ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አንድ ስጋት አለ፣ ትክክለኛ ስጋት ነው። «ያስለቅሳቸዋል፣ አትክፈቱባቸው» ይባላል። ያስለቅሳል፣ አዎ። ማልቀስ በራሱ ጉዳት አይደለም። ብዙዎቹ አልቅሰው ሲጨርሱ ወሬ ይጀምራሉ፣ ያን ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ግን ሁሉም ትዝታ ጣፋጭ አይደለም። የዚያ ዘመን ወጣት ቀይ ሽብርንም አይቷል፤ ወንድሙን ወይም ጓደኛውን በተቀበረበት ዓመት የሰማውን ዘፈን መስማት የማይችል ሰው አለ። ፊታቸው ከተለወጠ፣ ዝጋው ካሉ፣ ዝጉት፤ «አይ አባባ፣ ጥሩ ዘፈን እኮ ነው» ብላችሁ አትከራከሩ። ሐዘኑ ከዘፈኑ በኋላም ካልለቀቃቸው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዉ፣ ይወዱት የነበረውን ሁሉ ከጠሉ፣ «ሞት ምነው ረሳኝ» ማለት ከደጋገሙና ይሄ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ግን የሬዲዮ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል፣ ሐኪም ዘንድ አምጧቸው። ሞትን ከመመኘት አልፈው ራሳቸውን ስለመጉዳት ካወሩ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን አምጧቸው፣ ብቻቸውንም አትተዉዋቸው።

ዘፈን ጨርሶ የማይሰሙም አሉ፣ ወይም በጾም ወቅት የሚተዉ። እነሱን የረሳ የአረጋውያን ፕሮግራም ግማሹን አድማጭ ጥሏል። ለአንዷ እናት የልጅነት ድምፅ የዓቢይ ጾም በገና ነው፣ ለሌላዋ መንዙማ ነው፣ ለሌላዋ የድሮ የመዘምራን መዝሙር። አንጎል አይመርጥም፤ ከ10 እስከ 30 ዓመት የሰማው ያው የእሱ ነው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ፍርሃቴን ልናገር፤ ማስታወቂያ።

አረጋዊ ሬዲዮን ያምናል። «ሬዲዮ ተናገረ» ማለት ለእሱ መንግሥት ወይም ምሁር ተናገረ ማለት ነበር። በሚወዱት ዘፈን ልባቸው ረስርሶ እያለ፣ ወዲያው ቀጥሎ «ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ»፣ «ግፊትን በ15 ቀን የሚፈውስ» የሚል ድምፅ ሲመጣ አስቡት። እኔ ጋ ኢንሱሊናቸውን አቋርጠው፣ በጥብጠው የሚጠጡት ዱቄት ገዝተው፣ ስኳራቸው መለኪያው ከሚያነበው በላይ ሆኖ በልጆቻቸው ሸክም የመጡ አሉ። «ማን ነገርዎት?» ሲባሉ «ሬዲዮ» ነው መልሱ። ስኳርና ግፊት በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልጉ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ለስትሮክ፣ ለልብ ድካም፣ ራስን ለመሳት ይዳርጋል። አንድ ጣቢያ የአረጋውያንን ሰዓት ለእንዲህ ዓይነት ነጋዴ ከሸጠ፣ ፕሮግራሙ ባይኖር ይሻላል እላለሁ። ጠንከር አልኩ እንዴ? አላልኩም።

በተቃራኒው ያንኑ እምነት ለበጎ መጠቀም ይቻላል። ጥላሁን ገሠሠ ከስኳር ሕመም ጋር ለዓመታት የኖረ ሰው እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። ከእሱ ሁለት ዘፈኖች መሃል አንድ ነርስ በአንድ ደቂቃ «ዛሬ እግርዎን አይተዋል? በጣቶችዎ መሃል ቁስል አለ? ባዶ እግርዎን አይሂዱ» ብትል፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ አሥር ጊዜ ከምደጋግመው ይልቅ ይሰማታል። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ረፋድ ላይ የሚወሰድ ኪኒን ያላቸው አረጋዊ «የፕሮግራሙ መክፈቻ ሙዚቃ ሲሰማ» ብለው ቢያያይዙት የመርሳት ዕድላቸው ይቀንሳል። የመድኃኒቱን ሰዓት ለመቀየር ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አዘጋጆች ይሄን የምታነቡ ከሆነ አንድ ቴክኒካዊ ልመና አለኝ። በእርጅና ጆሮ መጀመሪያ የሚከዳው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ይምታታሉ። እናንተ በንግግራችሁ ሥር ሙዚቃ ስትለቁ ለወጣት ያምራል፣ ለ75 ዓመት ጆሮ ግን ንግግሩ ይጠፋል። ስታወሩ ሙዚቃውን ዝጉት። ሁለት ሆናችሁ አንዳችሁ በአንዳችሁ ላይ አትናገሩ፣ አትሩጡ። ቀኑንና ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ንገሩ፤ ዕለቱ ማን እንደሆነ ለሚጠፋባቸው ሰዎች ትልቅ እርዳታ ነው።

ልጆች ደግሞ እናንተ፦ የሬዲዮኑ ድምፅ ከወር ወር ከፍ እያለ ከሄደ «ኧረ ቀንሱት!» ብላችሁ አትለፉት። ጆሮ አስመርምሩ። አንዳንዴ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ በደቂቃዎች ይጸዳል (በክብሪት እንጨት በቤት እንዳትሞክሩት)። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ያለው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ ያላቸውን፣ ሊለወጡ የሚችሉ 14 ነገሮች ሲዘረዝር የመስማት ችሎታ መቀነስ አንዱ ነበር። ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ውድ ነገር አያስፈልግም። የስልክ ኤፍኤም ብዙ ጊዜ ያለ ኢርፎን አይሠራም፣ ምክንያቱም ሽቦው ነው አንቴናው፤ አረጋዊ ደግሞ ኢርፎን አይወድም። መዘውር ያለው፣ በባትሪም በመብራትም የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ግዙላቸው። ጣቢያው ያለበትን ቦታ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት፣ የድምፁን መጠንም እንዲሁ። ገመዱ መሄጃ ላይ እንዳይዘረጋ፣ በእሱ ተጠልፎ የሚሰበር ዳሌ ብዙ አይቻለሁ። ማታ ሲተኙ ይዘጋ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራ ሬዲዮ እንቅልፍ ይቆራርጣል።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «20 ዓመትዎ ላይ ሳሉ ማንን ነበር የሚሰሙት?» መልሱን በኮሜንት ጻፉልኝ፣ የምትኖሩበትን ከተማም ጨምሩበት። የአካባቢያችሁ የማህበረሰብ ጣቢያ አዘጋጆችንም ታግ አድርጓቸው፤ ዝርዝሩን እዚሁ ያገኙታል።